ጡብ፣ ብድርና ጠባብ መሬት፦ የቺካጎ ባንጋሎው እንዴት ተወለደ

ከቺካጎ መሃል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብላ፣ በርዊን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የመኖሪያ ጎዳናዎቿን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው መመሳሰሉን ነው። ግራና ቀኝ የጡብ ቤቶች ተሰልፈዋል። ሁሉም ዝቅ ያሉ ናቸው። ጣሪያቸው በየአቅጣጫው ያዘቀዘቀ ነው። ከመንገዱም እኩል ርቀት ላይ ቆመዋል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን የአንዱ ጡብ ቡናማ፣ የሌላው ቢጫ ነው። አንዱ መስኮቱ ላይ አበባ፣ ሌላው ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች በባለቀለም መስታወት ተሠርተውለታል።

እነዚህ ቤቶች ባንጋሎው ይባላሉ። ቺካጎ ከተማ ውስጥ ብቻ 80,000 ገደማ አሉ፤ ከከተማዋ የአንድ ቤተሰብ ቤቶች ሲሶ ያህሉ ማለት ነው። በርዊንንና ጎረቤቷን ሲሴሮን የመሰሉ የዳር ከተሞች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። አብዛኞቹ የተሠሩት ከ1910 እስከ 1940 ባለው ጊዜ ነው። ግንባታው የጦፈው ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1920ዎቹ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቤቶቹ መሃል ከተማውን እንደ ግማሽ ክብ ስለሚከብቡት አካባቢው በጅምላ «የባንጋሎው ቀበቶ» ይባላል።

ስለ ቺካጎ ሥነ ሕንፃ ሲወራ ሁሌ የሚነሱት ሰማይ ጠቀሶቹ ናቸው። እኔ ግን ለነዚህ ዝቅ ያሉ ቤቶች የተለየ ፍቅር አለኝ። ብዙ የፋብሪካ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን መታጠቢያ ቤት፣ የራሱን ማሞቂያና የራሱን ጓሮ ያገኘው እዚህ ነው። ደግሞ የቤቱን የትኛውንም ክፍል «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ አለው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከአርክቴክት ፍላጎት ይልቅ ከመሬቱ ስፋት፣ ከብርዱ፣ ከአፈሩና ከብድሩ ይመጣል።

የቤቱ ሐረግ የሚመዘዘው ከሩቅ፣ ዛሬ ምሥራቅ ህንድና ባንግላዴሽ ከሚጋሩት ከቤንጋል ነው። እዚያ ገበሬው የሚሠራው ባለ አንድ ወለል፣ የሣር ክዳን ያለው ቤት ነበር። የእንግሊዝ የንግድ ኩባንያ ሰዎች ህንድ ሲገቡ ያንን ቤት ወሰዱት፤ ዙሪያውን ሰፊ በረንዳ ጨመሩለትና ለራሳቸው መኖሪያ አደረጉት። በ1870 ገደማ እንግሊዝ አገር፣ ኬንት የባሕር ዳርቻ ላይ ለእረፍት የሚሆኑ ባንጋሎዎች መሠራት ጀመሩ። ከዚያ አሜሪካ ገባ። ካሊፎርኒያ በተለይ ወደደችው። እዚያ አየሩ ደግ ስለሆነ ከእንጨት፣ በሰፊ በረንዳና በብዙ መስኮት ተሠራ። የቤት ፕላን የሚሸጡ መጽሔቶችና ካታሎጎችም በየግዛቱ አዳረሱት።

ቺካጎ ሲደርስ ግን ሌላ ዓይነት ቤት ሆነ። በረንዳው ጠበበ፤ ወይ በመስታወት ተዘጋ። እንጨቱ በጡብ ተተካ። ከሥሩ ምድር ቤት ተቆፈረለት።

ጡቡን ያመጣው እሳት ነው። በጥቅምት 1871 ቺካጎ ለሁለት ቀን ነደደች። ወደ 300 ሰው ሞተ፤ 100,000 ያህሉ ቤት አልባ ሆነ። ከተማዋ በአብዛኛው የእንጨት ከተማ ነበረች። ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎች በእንጨት መገንባትን እየገደቡ ሄዱ፤ ጡብም የአካባቢው ልማድ ሆነ። ዕድል ሆኖ ከከተማዋ ሥር ያለው አፈር ሸክላ ነው። የጡብ ፋብሪካዎች እዚያው ቆፍረው፣ እዚያው አቃጥለው ይሸጡ ነበር። ይህ ተራ ጡብ ርካሽ ነው፤ ቀለሙ ግን እኩል አይወጣም። አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ይሆናል። ስለዚህ ግንበኞቹ ብልሃት ፈጠሩ። ፊት ለፊቱን ለስላሳና ውድ በሆነው ጡብ ይሠሩታል፤ ጎኑንና ጀርባውን በተራው። ዛሬም የአንዱን ቤት ጥግ ብታዩ ሁለቱ ጡቦች የሚገናኙበት መስመር ይታያል። በጀቱ እዚያ ጥግ ላይ ተጽፏል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ። የቺካጎ መደበኛ የመኖሪያ ቦታ ፊቱ 25 ጫማ፣ ማለትም 7.6 ሜትር ገደማ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ 125 ጫማ ነው። ዳር ላይ ትንሽ ሰፋ ያሉ ቦታዎች ነበሩ፤ ቢሆንም ሁሉም ጠባብና ረጅም ነው። ግራና ቀኝ መተላለፊያ ሲቀነስ ለቤቱ የሚተርፈው ወርድ ከ6 ወይም ከ7 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጎን ላይ መስኮት ብታወጡ የምታዩት የጎረቤትን ግድግዳ ነው።

የፊቱ ክፍል ወደ መንገዱ ወጣ ያለው ለዚህ ነው። ባንጋሎዎቹን የሚለየው ዋናው ምልክት ይህ ነው፤ ሳሎኑ እንደ ስምንት ጎን ግማሽ ተቆርጦ ወደ ፊት ይገፋል፤ በየጎኑም መስኮት ይደረደርበታል። በአንድ በኩል ብቻ ሊገባ የሚችለው ብርሃን በሦስት አቅጣጫ ይገባል። የምግብ ክፍሉም ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ትንሽ ወጣ ይላል፣ በዚያው ምክንያት። ባለቀለሙ መስታወት ደግሞ ለጌጥ ብቻ አልገባም። መጋረጃ ሳይዘጋ መንገደኛ ወደ ውስጥ እንዳያይ ይከላከላል፤ ብርሃኑን ግን አያስቀረውም።

ውስጡ ቀላል ነው። በአንድ ወገን ሳሎን፣ የምግብ ክፍልና ወጥ ቤት በተከታታይ ይሄዳሉ። በሌላው ወገን ሁለት መኝታ ቤቶች አሉ፤ መታጠቢያ ቤቱ በመካከላቸው ነው። ዋናው በር መሃል ላይ ሳይሆን ጎን ይዞ ነው የሚገኘው፤ መሃሉን ሳሎኑ ወስዶታል። መኪና ማቆሚያው ከኋላ፣ በጓሮ በኩል በሚያልፈው ቀጭን መንገድ ላይ ነው። የቆሻሻ ማንሻውም ሆነ የመኪና በሩ ከፊት ስለማይታይ ጎዳናው ለዛፍና ለሣር ተለቋል። ወጥ ቤቱ ትንሽ ነው። ሠራተኛ የሚቀጥር ቤተሰብ አይደለምና እናት ብቻዋን ሁሉን ነገር በእጇ እንድታገኝ ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ጋር ተገጥሟል።

ምድር ቤቱን ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ነገር ያየዋል። የቤቱን ጠባይ የወሰነው ግን እሱ ነው። ቺካጎ ውስጥ በብርዱ ወራት አፈሩ ወደ ታች አንድ ሜትር ያህል ይቀዘቅዛል። እርጥብ አፈር በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ በላዩ የተቀመጠ መሠረትም ይነሳና ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሠረቱ ከዚያ ጥልቀት በታች መውረድ አለበት። ያን ያህል ከተቆፈረ ደግሞ ትንሽ ጨምሮ ሙሉ ክፍል ማውጣት ብዙ ወጪ አይጨምርም። ሁለተኛው ምክንያት ማሞቂያው ነው። የጊዜው ምድጃ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ሲሆን የሞቀው አየር፣ ውሃ ወይም እንፋሎት በራሱ ወደ ላይ እየወጣ ነበር ክፍሎቹን የሚያሞቀው። ምድጃው ከሁሉም ክፍሎች በታች መሆን ነበረበት። ሦስተኛ፣ አካባቢው ሜዳና ውሃ ያዘለ ነው፤ በጣም ጠልቆ መግባት አይቻልም። ስለዚህ ምድር ቤቱ ግማሹ ከመሬት በላይ ቀረ፤ ትንንሽ መስኮቶችም ወጡለት። ወደ ዋናው በር ለመድረስ ደረጃ የምትወጡት በዚህ የተነሳ ነው።

ከላይ ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ ባዶ ቦታ አለ። ሲሸጥ ሳይጨርሱ ነው የሚተዉት። ልጅ ሲበዛ ወይም ገንዘብ ሲገኝ ቤተሰቡ ራሱ ክፍል ያወጣበታል። ቤቱ «አንድ ተኩል ፎቅ» የሚባለው ለዚህ ነው። ሚሼል ኦባማ ያደገችው በእንዲህ ዓይነት ቤት ላይኛ ክፍል ነው፤ ሳውዝ ሾር በሚባለው የቺካጎ ሰፈር፣ ቤቱ የእናቷ አክስት ንብረት ነበር፤ የሚሼል ቤተሰብ ከላይ ይኖር ነበር።

የቤቱ መልክ ከየት መጣ ለሚል መልሱ ሩቅ አይደለም። በርዊንን በሰሜን የምታዋስናት ኦክ ፓርክ ናት። ዝነኛው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ከ1889 እስከ 1909 የኖረውና የሠራው እዚያ ነው። እሱና ባልደረቦቹ የአካባቢውን ሜዳ የሚመስል ቤት ፈለጉ፦ ወደ መሬት የቀረበ፣ አግድም የተዘረጋ፣ የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው አልፎ የሚወጣ። ያ ቤት የሀብታም ነበር። ነገር ግን ተራው ኮንትራክተር አይቶታል። ዝቅ ያለውን ጣሪያ፣ ሰፊውን ክፈፍ፣ ከመስኮቱ ሥር አግድም የሚሄደውን የነጭ ድንጋይ መስመር ወሰደና በትንሹ ቤት ላይ አዋለው። ክፈፉ ሥራም አለው። በሙቀት ወራት ፀሐይ ከላይ ስትሆን ጥላ ይሰጣል፤ በብርዱ ወራት ዝቅ ስትል ያስገባታል። ዝናብንም ከግድግዳው ያርቃል። ጥሩ ሐሳብ ከሀብታም ቤት ወደ ሠራተኛ ቤት እንዲህ ሲወርድ ማየት ደስ ይለኛል።

እነማን ገዙት? በበርዊንና በሲሴሮ በብዛት ቼኮች ናቸው። ከቦሄሚያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ምዕራባዊ ክፍል፣ የመጡ ስደተኞች መጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ ፒልሰን የሚባል ሰፈር ሠፈሩ። በእንጨት ቤት፣ ተጨናንቀው፣ ብዙዎቹ ሽንት ቤት ጓሮ ሆኖ ነበር የሚኖሩት። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው ድርጅት ሲሴሮ ላይ ሆቶርን የሚባል ግዙፍ የስልክ ፋብሪካ ከፈተ። ፋብሪካው ሥራው በደራበት ዘመን ከ40,000 በላይ ሰው ይቀጥር ነበር። ሕዝቡም ሥራውን ተከትሎ ወደ ምዕራብ ሄደ። በ1920 የበርዊን ነዋሪ 14,000 ገደማ ነበር። በ1930 ወደ 47,000 ደርሷል። በአሥር ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፤ አብዛኛው ባንጋሎው የተሠራውም በዚያ አሥር ዓመት ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ለእኔ ከጡቡ በላይ ይስበኛል። ያኔ ባንክ ለቤት ሲያበድር የቤቱን ዋጋ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር የሚሰጠው። ዕዳው በሦስት ወይም በአምስት ዓመት ውስጥ በአንድ ጊዜ ይከፈል ይላል። ለፋብሪካ ሠራተኛ ይህ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ስደተኞቹ የራሳቸውን የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋሙ። አሠራሩን እቁብ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። አባላቱ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፤ ከተጠራቀመው ላይ ቤት ለሚሠራው ያበድራሉ። ከእቁብ የሚለየው ወለድ ስላለውና ተበዳሪው ቤቱን ስለሚያሲዝ ነው። ዕዳው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እየተቆራረጠ፣ ከአሥር ዓመት በላይ በሚሆን ጊዜ ያልቃል። ስብሰባው በቋንቋቸው ነበር፤ ገንዘብ ያዡ የሚያውቁት ሰው ነው። በ22ኛው መንገድ ላይ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ከመብዛታቸው የተነሳ ጎዳናው፣ በኒው ዮርኩ የገንዘብ ተቋማት ጎዳና ስም፣ «የቦሄሚያ ዎል ስትሪት» ተብሎ ነበር።

መንገዱ ዛሬ ሰርማክ ይባላል። አንቶን ሰርማክ ከቦሄሚያ በሕፃንነቱ የመጣ፣ በ1931 የቺካጎ ከንቲባ የሆነ ሰው ነው። በየካቲት 1933 ማያሚ ላይ በተመራጩ ፕሬዚዳንት በሩዝቬልት ላይ የተተኮሰ ጥይት እሱን መታው። በመጋቢት ሞተ።

የ1929 የኢኮኖሚ ውድቀት ሁሉንም አቆመው። ፋብሪካው ሠራተኛ ቀነሰ፤ ቁጠባና ብድር ማኅበራቱ ብዙዎቹ ከሰሩ። ቤተሰቦች ምድር ቤት ወርደው ላይኛውን አከራዩ፤ ሁለት ትውልድ በአንድ ጣሪያ ሥር ገባ። ባዶ የተተወው የላይኛው ቦታና ግማሹ ከመሬት በላይ የሆነው ምድር ቤት ያኔ ነው ዋጋቸው የታየው። መንግሥትም ጣልቃ ገባ። በ1933 የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን አንድ ሚሊዮን ያህል የቤት ዕዳዎችን ወደ 15 ዓመት አራዘመ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በየወሩ እኩል እየከፈላችሁ ቤት የምትገዙበት አሠራር ከዚያ ዘመን የወረደ ነው።

ያው ድርጅት ግን ሌላም ነገር አወረሰ። ከ200 በላይ የአሜሪካ ከተሞችን በካርታ ላይ ቀለም ቀባ። «አስተማማኝ» የተባለው ሰፈር አረንጓዴ፣ «አደገኛ» የተባለው ቀይ። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር ቀይ ይቀባ ነበር። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደርም የብድር ዋስትናውን በተመሳሳይ ሚዛን ሰጠ። ከዚያ በፊትም ቢሆን በብዙ የቺካጎ ሰፈሮች የቤት ውል ላይ «ለጥቁር አይሸጥም» የሚል አንቀጽ ይገባ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች ይህን አንቀጽ ማስፈጸም እንደማይችሉ ወሰነ። ጎረቤት ግን አልተቀየረም። በሐምሌ 1951 ሃርቪ ክላርክ የተባለ ጥቁር አባወራ ሲሴሮ ውስጥ አፓርታማ ተከራየ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሕንፃውን ከቦ የቤተሰቡን ዕቃ አቃጠለ። የግዛቱ ገዢ የብሔራዊ ዘብ ጦር አስገባ። በነሐሴ 1966 ማርቲን ሉተር ኪንግ በቺካጎ ደቡብ ምዕራብ፣ በነዚሁ የጡብ ቤቶች ሰፈር መሃል ሰልፍ ሲመራ በድንጋይ ተመታ።

ስለ ባንጋሎው ውበት የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ቢያልፍ ታሪኩን አጉድሎታል እላለሁ። ከእንጨት ቤት የወጣው ስደተኛ ያገኘውን ዕድል በሩ ላይ ቆሞ ለሌላው ከልክሏል። የከለከሉት ሲሸሹ ደግሞ ደላሎች ገቡ። ነጩን «ጥቁር እየመጣ ነው፣ ቤትህ ይረክሳል» ብለው አስፈራርተው በርካሽ ይገዙታል፤ ለጥቁሩ በውድ ይሸጡለታል። ባንክ ስለማያበድረው በውል ነው የሚገዛው። የመጨረሻዋን ክፍያ እስኪጨርስ ቤቱ በስሙ አይዞርም፤ አንድ ወር ካጎደለ የከፈለውን ሁሉ ያጣል። ይህን ሁሉ አልፈው እንደ ቻተም ባሉ ሰፈሮች ጥቁር ቤተሰቦች ባንጋሎዎቹን ገዝተው ለአሥርት ዓመታት በእንክብካቤ ጠብቀዋቸዋል። በርዊንም ተለውጣለች። ዛሬ ከግማሽ በላይ ነዋሪዋ የላቲን አሜሪካ ዘር ያለው ነው፤ በብዛትም የሜክሲኮ።

በ2000 የቺካጎ ከንቲባ ሪቻርድ ኤም. ዴሊ ባንጋሎዎቹን የሚጠብቅ ፕሮግራም ጀመሩ። ብዙ ጎዳናዎችም በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገብተዋል። ግን ቤቱን የሚያድነውም የሚያጠፋውም የሚኖርበት ሰው ነው። እናንተም እዚያ አካባቢ ቤት ልትገዙ ካሰባችሁ የሚከተለውን ብታውቁ ጥሩ ነው።

የቆየ ጡብ ለስላሳ ነው። ጡቡን የሚያያይዘው ማጣበቂያ ከጡቡ የለሰለሰ መሆን አለበት፤ እርጥበት በሱ በኩል እንዲወጣ፣ ግድግዳው ሲንቀሳቀስም እሱ እንዲሰነጠቅ። ጠጋኙ ጠንካራ ሲሚንቶ ከሞላበት ውሃው በጡቡ ውስጥ ይታገታል። በብርዱ ይቀዘቅዛል፣ ያብጣል፣ የጡቡን ፊት ልጦ ይጥለዋል። ስለዚህ ግንበኛውን የሚጠቀምበት ድብልቅ ኖራ እንዳለው ጠይቁት። ጎንደር ፋሲል ግቢም ይኸው ደርሶበታል፤ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነው በኋላ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል።

ላዩ ላይ ሙሉ ፎቅ መጨመር ብዙ ሰው ይፈትነዋል። እኔ አልመክርም። ዝቅ ያለው ጣሪያ ከሄደ ቤቱም ጎዳናውም ይበላሻል። ቦታ የግድ ካስፈለገ ጣሪያውን ከኋላ በኩል ማንሳት ይቻላል፤ ከመንገድ አይታይም።

ምድር ቤቱን ከሁሉ በፊት እዩ። በአካባቢው የዝናብ ውሃና ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ይሞላና በወለሉ ፍሳሽ ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል። ግድግዳው ላይ የውሃ ምልክት ፈልጉ፤ ፍሳሽ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ መኖሩንም ጠይቁ። በማሞቂያ ቱቦዎቹ ላይ የተጠቀለለ አሮጌ ነጭ መሸፈኛ ካለ አትንኩት፤ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው። ከ1978 በፊት የተቀባ ቀለም ውስጥ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ይችላል። ከመንገዱ ወደ ቤት የሚገባው የውሃ ቱቦም እንደዚያው፤ ቺካጎ እስከ 1986 ድረስ ቱቦው የእርሳስ እንዲሆን በሕግ ታስገድድ ነበር። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ውሃውን አስመርምሩ፤ ቱቦው እስኪቀየር ድረስም እርሳስን እንደሚያስቀር የተረጋገጠ ማጣሪያ ግጠሙ።